የሰደድ እሳት ጭስ በሕዝብ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መከታተል፦ ከመጀመሪያው መዝገብ እስከ ዓመታት ክትትል

ሰደድ እሳት ሲነሳ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ነበልባሉ ላይ ነው። የወደመው ቤት ይቆጠራል፣ የጠፋው ደን በሄክታር ይለካል። ጭሱ ግን የሚገድለው ከነበልባሉ ርቆ ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ፣ አምቡላንስ ውስጥ፣ ድንገተኛ ክፍል ተራ በመጠበቅ ላይ። የሞት ማስረጃው ላይም «ጭስ» ተብሎ አይጻፍም። የሚጻፈው «የልብ ድካም» ወይም «አስም» ነው።

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ በነደደው እሳት በቀጥታ ሕይወታቸው ያለፈው 33 ሰዎች ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎች የጭሱን ጉዳት ሲያሰሉ ግን 417 ተጨማሪ ሞት፣ በልብና በመተንፈሻ አካላት ሕመም ሆስፒታል የገቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች፣ በአስም ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,305 ሰዎች አገኙ። እነዚህን 417 ሰዎች አንድ በአንድ ለይቶ በስም የሚጠራቸው የለም። የታወቁት በስሌት ነው፤ ስሌቱ የተቻለውም ጭስ ባልነበረባቸው ዓመታት መዝገብ በመያዙ ነው።

ይህ መመሪያ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ለጤና ቢሮ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ጉዳዩ ለሚያሳስባቸው የአካባቢ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ሶፍትዌር የግድ አይደለም፤ ኤክሴልና በቀን በቀን የሚሞላ መዝገብ ካላችሁ ብዙውን ርቀት ትሄዳላችሁ።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

«ጭሱ ጎድቷል ወይ?» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም የሚፈልጉት መረጃ ለየቅል ነው። አንደኛው የዛሬ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ሳምንት ሕሙማን እየበዙ ነው? ሠራተኛና መድኃኒት እንጨምር? ለዚህ ፈጣን ግን ሻካራ መረጃ ይበቃል። ሁለተኛው እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚነሳ ነው፦ በአጠቃላይ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሞተ? ለዚህ የተጣራ መረጃ ያስፈልጋል፤ ወራትም ይወስዳል። ሦስተኛው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ነው፦ ጭሱን የተነፈሱት ሰዎች ሳንባ ዛሬ እንዴት ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሆነው ዝርዝር መያዝ ያለበት ጭሱ ሳይበተን ነው። ስለዚህ የትኛውን እንደምትመልሱ በመጀመሪያው ቀን ወስኑ።

2. ጭስ የሌለበትን ቀን መዝግቡ

በዚህ ሥራ እንደዚህ የሚዘነጋ ነገር የለም፤ ደግሞም ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ጭሱ ሰማዩን ሲሸፍን ሁሉም ሰው መመዝገብ ይጀምራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ 300 ሕሙማን ተመዝግበው ይገኛሉ። 300 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ወቅት 280 ከነበሩ አንድ ነገር ነው፣ 150 ከነበሩ ሌላ ነው። ይህን ስሕተት በአንድ ወቅት አብሬያቸው የሠራኋቸው ባልደረቦቼና እኔ ፈጽመነዋል። በጭሱ ቀናት ሌሊቱን ሙሉ ስንመዘግብ አድረን፣ በመጨረሻ የምናነጻጽርበት ቁጥር አጣን። ያ ሁሉ ድካም ዝርዝር ሆኖ ቀረ፤ ማስረጃ አልሆነም።

ስለዚህ ከእሳት ወቅት በፊት ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ቢቻል የአምስት ዓመት ዕለታዊ ቁጥር ሰብስቡ። የወር ድምር አይበቃም፤ ጭስ በሦስት ቀን መጥቶ በሦስት ቀን ይሄዳል፣ የወር ድምር ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። የድሮው መዝገብ በወረቀት ከሆነ ሁሉንም ለመገልበጥ አትሞክሩ። የእሳት ወቅቱን ወራት ብቻ ወስዳችሁ ቀኑን፣ የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሚኖርበትን አካባቢና የመጣበትን ምክንያት ገልብጡ። አምስት ዓምድ ይበቃል።

3. ጭሱን ለኩ

የሚለካው በዋናነት ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ። ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት በ30 እጥፍ ገደማ ስለሚያንስ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱ አማካይ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በከባድ ጭስ ቀን ይህ ቁጥር ብዙ መቶ ሊደርስ ይችላል።

በምትመዘግቡበት ጊዜ የአየር ጥራት ደረጃ ነጥቡን ወይም ቀለሙን ሳይሆን ራሱን ማይክሮግራሙን ያዙ። ነጥቡ የተሠራው ለሕዝብ ማስታወቂያ ነው፤ አገሮች የሚያሰሉት በተለያየ መንገድ ነው፣ ደረጃዎቹም በየጊዜው ይሻሻላሉ። ማይክሮግራም ግን የትም ማይክሮግራም ነው።

የመንግሥት መለኪያ ጣቢያ በአቅራቢያችሁ ካለ ዋናው ምንጫችሁ እሱ ይሁን። ከሌለ ርካሽ ሴንሰሮች አሉ፤ ፐርፕልኤር በብዙ አገር የሚታወቀው ነው። እነዚህ ሴንሰሮች ብናኙን የሚቆጥሩት በብርሃን ስለሆነ እርጥበት ያሳስታቸዋል፣ በጭስ ላይም ብዙውን ጊዜ አጋነው ያነባሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች ለፐርፕልኤር ያወጡት ማስተካከያ ቀላል ነው፦ የሴንሰሩን ንባብ በ0.524 አባዙ፤ ከዚያ ላይ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ቀንሱ፤ በመጨረሻ 5.75 ደምሩ። ሴንሰሩ 100 ቢያነብና እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ 52.4 ሲቀነስ 2.6 ሲደመር 5.75፣ 55.6 ገደማ ይሆናል። ሳይስተካከል ቢወሰድ ጭሱን በእጥፍ ገደማ ልታጋንኑት ነበር! ይህ ቀመር የወጣው አሜሪካ ውስጥ ከተሰበሰበ መረጃ ነው፣ እጅግ ከባድ ጭስ ላይም ሌላ ማስተካከያ ይፈልጋል። አጋጣሚው ካላችሁ አንዱን ሴንሰር ከመንግሥት ጣቢያ አጠገብ ለጥቂት ሳምንታት ሰቅላችሁ የራሳችሁን ልዩነት አውጡ። ፐርፕልኤር ውስጡ ሁለት መቁጠሪያ አለው፤ ሁለቱ ንባቦች በጣም ከተራራቁ የዚያን ሰዓት መረጃ ጣሉት።

ሳተላይትን በተመለከተ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞዲስ እና ቪርስ የተባሉት የሳተላይት መሣሪያዎች እሳቱ የት እንዳለና የጭሱ ደመና ወዴት እንደሚነዳ ግሩም አድርገው ያሳያሉ፤ የናሳ የእሳት ካርታ ፈርምስም ለማንም ክፍት ነው። ነገር ግን ሳተላይት የሚያየው ከላይ እስከ ታች ያለውን የአየር ዓምድ በሙሉ ነው። ሰው የሚተነፍሰው ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2020 በሳን ፍራንሲስኮ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ብርቱካናማ ሆኖ ዋለ፣ መኪኖች በቀትር መብራት አበሩ። ያን ቀን ግን መሬት ላይ ያለው አየር ሰማዩ የሚያስፈራውን ያህል አልከፋም፤ ከባሕር የገባው ቀዝቃዛ አየር ከሥር ተነጥፎ ጭሱን ወደ ላይ ይዞት ነበር። አየሩ በጣም የከፋው በቀጣዮቹ ቀናት፣ ጭሱ ሲወርድ ነው። በሰማይ ቀለም የጭስ ቀን የሚመርጥ ሰው ዋናውን ቀን ይስታል። የሳተላይቱን ካርታ «ይህ ብናኝ ከእሳት የመጣ ነው ወይስ ከመኪናና ከአቧራ?» ለሚለው ጥያቄ ተጠቀሙበት፤ መጠኑን ከመሬት ውሰዱ።

ምንጩን መለየት ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ከ1999 እስከ 2012 ያለውን መረጃ የመረመረ ጥናት እንዳሳየው ከሰደድ እሳት የመጣ ፒኤም 2.5 በ10 ማይክሮግራም ሲጨምር በመተንፈሻ አካላት ሕመም ሆስፒታል የሚገባው ሰው ከ1.3 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ከሌላ ምንጭ በሚመጣው ግን ጭማሪው ከ0.67 እስከ 1.3 በመቶ ብቻ ነበር። እሳቱ ቤቶችን ከበላ ደግሞ ጭሱ ሌላ ዓይነት ይሆናል። በ2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያወደመው የካሊፎርኒያ እሳት ጭስ ውስጥ እርሳስና ዚንክ ተገኝቷል። ስለዚህ ከብናኙ መጠን ጎን «ምን ተቃጠለ?» የሚል ዓምድ ጨምሩ።

የቀን አማካይ ለማውጣት ከ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ18ቱ ንባብ ይኑር። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት።

4. የትኛውን ሕመም እንደምትቆጥሩ ምረጡ

የጭስ ጉዳት በብዙ ጥናት ተደጋግሞ የታየው በመተንፈሻ አካላት ላይ ነው፦ አስም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ብሮንካይትስ፣ የሳንባ ምች። የልብ ድካም፣ የልብ ድንገተኛ መቆምና ስትሮክም ይከተላሉ፤ የእነሱ ምልክት ግን ደብዘዝ ያለ ነው፣ ለማየትም ብዙ ቁጥር ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የምትሠሩ ከሆነ ለአስም ጄ45፣ ለሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ጄ44፣ ለልብ ድካም አይ50 ብላችሁ ጀምሩ፤ ምርመራው ገና ላልተለየ የትንፋሽ ችግር አር06ን አትርሱ። በጭስ ቀን ድንገተኛ ክፍሉ ሲጨናነቅ ሐኪሙ ጊዜ ስለሌለው ብዙ ሰው የሚመዘገበው በዚህ ነው።

ኮድ የሌለበት ቦታ መዝጋቢው የጻፈውን አንብቡ። «ትንፋሽ አጠረኝ»፣ «ደረቴን ያፍነኛል»፣ «ሲር ሲር ይላል»፣ «ሳል አላስተኛኝም»፣ «አፈነኝ»። ሰው ሕመሙን የሚናገርባቸውን እነዚህን ቃላት አስቀድማችሁ ዘርዝሩና ሁሉም መዝጋቢ አንድ ዓይነት ምልክት እንዲያደርግባቸው አሠልጥኑ። አንዱ መዝጋቢ «አፈነኝ»ን የመተንፈሻ ሕመም ብሎ፣ ሌላው «ሌላ» ብሎ ከያዘው፣ በኋላ የምታዩት የጭሱን ለውጥ ሳይሆን የተረኛውን መለዋወጥ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ቁጠሩ፤ ከጭስ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሕመም። እኔ ትርፍ አንጀትን እመርጣለሁ። በጭሱ ቀናት አስምም ትርፍ አንጀትም እኩል ከጨመሩ ጭሱን ከመክሰሳችሁ በፊት መዝገባችሁን መርምሩ። ምናልባት በአቅራቢያው ያለ ሌላ ሆስፒታል ተዘግቶ ሕሙማኑ ሁሉ ወደ እናንተ መጥተው ይሆናል።

ወደ ጤና ተቋም የማይመጣውን ሰው የምታገኙት መድኃኒት ቤት ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የጤና ባለሙያዎች በየቀኑ ከመድኃኒት ቤቶች የሚወጣውን ሳልቡታሞል፣ ማለትም አስም ሲነሳ የሚሳበውን መድኃኒት፣ በመቁጠር የጭስን ጉዳት ይከታተላሉ። አስም ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት መድኃኒቱን ይሞላልና ይህ ቁጥር ቶሎ ይናገራል። በአካባቢያችሁ ሦስት አራት መድኃኒት ቤቶችን አነጋግራችሁ የቀኑን ድምር ብቻ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ስም አያስፈልግም።

5. ጭሱንና ሕሙማኑን አገናኙ

ሁለቱን ሰንጠረዦች በቀንና በቦታ አጋጥሙ። ቦታው ሕመምተኛው የሚኖርበት ይሁን እንጂ የታከመበት አይሁን፤ ሰው ከጭስ መንደር ተነስቶ ንጹሕ አየር ባለበት ከተማ ሊታከም ይችላል። ሴንሰሮች ብዙ ጊዜ ሰዓት የሚይዙት በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር (UTC) ስለሆነ ወደ አካባቢው ሰዓት መልሱት፤ አለዚያ የአንዱ ቀን ጭስ ወደ ሌላው ቀን ይዞርባችኋል። ሰው ከአካባቢው እንዲወጣ ከተደረገ ቀኑንና ግምታዊ ቁጥሩን ጻፉ። ግማሹ ሕዝብ ከወጣ በኋላ የሕሙማን ቁጥር ባይጨምር ጭሱ አልጎዳም ማለት አይደለም።

6. የሚጠበቀውን አስልታችሁ ከታየው ጋር አነጻጽሩ

ለማሳየት ያህል የተፈጠረ ምሳሌ እንውሰድ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጭሱ ከባድ ነው፣ በትንፋሽ ችግር የመጡት 21 ናቸው። ጭስ ያልነበረባቸው ያለፉት አራት ማክሰኞዎች ቁጥር 11፣ 14፣ 12፣ 15 ነው፤ አማካዩ 13። ከማክሰኞ ጋር ማክሰኞን ያነጻጸርነው የሰኞና የእሑድ ድንገተኛ ክፍል አንድ ስላልሆነ ነው። ልዩነቱ 8 ሰው ነው። ግን በአጋጣሚስ ቢሆን? ለእንዲህ ያለ ቆጠራ ጥሩ መለኪያ የሚጠበቀው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው፤ የ13 ስኩዌር ሩት 3.6 ነው፣ እጥፉ 7.2። 13 ላይ 7.2 ሲደመር 20.2 ይሆናል። 21 ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ስላለፈ ጠርጥሩ እንጂ አትደምድሙ።

አሁን ስድስት የጭስ ቀናትን ደምሩ። የሚጠበቀው 78፣ የታየው 105 ነው እንበል። የ78 ስኩዌር ሩት 8.8፣ እጥፉ 17.7 ስለሆነ ድንበሩ 96 ገደማ ነው። 105 ይህን በደንብ አልፏል፤ ጭማሪው 27 ሰው፣ ማለትም 35 በመቶ ነው። በአንድ ቀን የማይለይ ነገር በስድስት ቀን ይለያል፤ ትንሽ ጤና ጣቢያም ተስፋ ሳትቆርጥ ቀናትን መደመር አለባት። በትልቅ መጠን ደግሞ፣ በ2023 በአሜሪካ የሰደድ እሳት ጭስ በነበረባቸው 19 ቀናት በአስም ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡት ከሚጠበቀው በ17 በመቶ በልጠው ተገኝተዋል።

ጭሱ በመጣበት ዕለት ብቻ አትቁሙ። አስም በዚያው ቀንና በማግስቱ ይነሳል፣ ሌላው ሕመም ግን ሁለት ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የዛሬን ሕሙማን ከዛሬው፣ ከትናንቱ፣ እስከ አምስት ቀን ወደኋላ ካለው ጭስ ጋር እያጋጠማችሁ እዩ። ዕድሜንም ለዩ፤ ሕፃናትና አረጋውያን አብረው ሲደመሩ የአንዱ ጉዳት በሌላው ይሸፈናል።

7. ሌላውን ተጠርጣሪ አጥሩ

እሳት የሚነሳው በሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ በራሱ ልብን ይጎዳል። የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ካልያዛችሁ የሙቀቱን ጥፋት ለጭሱ ትሰጣላችሁ። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚዛመቱበት ሳምንት፣ የአበባ ብናኝ ወቅት፣ በዓላትና የትምህርት ቤት መከፈቻም እንዲሁ ይመዝገቡ። ስታቲስቲክስ የሚችል ሰው ካላችሁ የፖይሰን ሪግሬሽን የሚባለው፣ ለቆጠራ ቁጥሮች የሚሆነው የስሌት ዘዴ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያስተናግዳል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ሰውን ከራሱ ጋር የሚያነጻጽረው ዘዴ ነው። አንዲት እናት በ14ኛው ቀን ሐሙስ አስም ተነስቶባት መጣች። ያን ቀን የነበረውን ጭስ በዚያው ወር በሌሎቹ ሐሙሶች ከነበረው ጋር ታነጻጽራላችሁ። ሲጋራ ታጭስ አታጭስ፣ ድሃ ትሁን ሀብታም፣ ዕድሜዋ ስንት ይሁን፣ በአንድ ወር ውስጥ አይቀየርም፤ ስለዚህ እነዚህ ሁሉ ከስሌቱ ራሳቸው ይወጣሉ። በመቶዎች ሕሙማን ላይ ሲደጋገም መልሱ ጠንካራ ይሆናል።

8. መዝገብ በሌለበትም መንገድ አለ

በ1997 የኢንዶኔዥያ ደኖች ሲቃጠሉ በብዙ ቦታ የሞት ምዝገባ አስተማማኝ አልነበረም። በኋላ አንድ ተመራማሪ የ2000ውን ሕዝብ ቆጠራ አንሥተው፣ በጭሱ ወቅት በተወለዱ ወይም በተፀነሱ ሕፃናት ቁጥር ላይ ያለውን ጉድለት በየአካባቢው አሰሉ። ከ15,600 በላይ ሕፃናትና ፅንሶች ጎድለው ተገኙ። መዝገብ ያልያዛቸውን ልጆች የቆጠራው ባዶ ቦታ መሰከረላቸው። የእናንተም አካባቢ የሞት ምዝገባ ደካማ ከሆነ የወሊድ መዝገብን፣ የልደት ክብደትን፣ የክትባት ካርድን፣ የትምህርት ቤት የቀሪ መዝገብን አስቡ።

9. ቁጥሩን ስታወጡ

በአንድ መንደር አንድ ቀን የታመሙት ከአምስት በታች ከሆኑ ቁጥሩን አትለጥፉ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይለየዋል። ሁልጊዜም ጭማሪውን ከሚጠበቀው ጋር አብራችሁ ስጡ፤ «105 ሰው ታመመ» ሳይሆን «78 ይጠበቅ ነበር፣ 105 መጣ» በሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ክልልም አትደብቁ። ሪፖርቱ ጭሱ ከሄደ ከስድስት ወር በኋላ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ለሰው አልደረሰም፤ በጭሱ ወቅት በየማለዳው አንድ ገጽ ለድንገተኛ ክፍል ኃላፊው፣ ለመድኃኒት ግዢ ክፍሉና ለትምህርት ቤቶች ይሂድ።

10. ሰማዩ ከጠራ በኋላ

በ2017 የበጋ ወራት ሲሊ ሌክ የተባለችው የሞንታና ትንሽ ከተማ ለ49 ቀናት በጭስ ታፍና ቆየች፤ የቀኑ ፒኤም 2.5 አማካይ 220.9 ማይክሮግራም ነበር። ባለሙያዎች ወዲያው ወደ ከተማዋ ሄደው የ95 ነዋሪዎችን ትንፋሽ በስፓይሮሜትር፣ ማለትም የሳንባን አቅም በሚለካ መሣሪያ፣ ለኩ። የዚያን ጊዜ ከጤናማው ዝቅተኛ ልክ በታች የነበሩት 10.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዓመት በኋላ ያንኑ ሰዎች ሲለኩ 45.9 በመቶ ሆነው አገኟቸው፤ በሁለተኛው ዓመትም 33.9 በመቶ ነበሩ። በጭሱ ማግሥት አንዴ ለክተው ቢሄዱ ኖሮ ከተማዋ በደህና ወጣች ብለው ይጽፉ ነበር።

ስለዚህ ጭሱ በሄደበት ሳምንት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ስምና ስልክ በፈቃዳቸው ያዙ፤ ጭሱ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆዩ፣ ቤታቸው መስኮት ይዘጋ እንደሆነ፣ ደጅ ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ፤ ትንፋሻቸውንም ለኩ። ዝርዝሩ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ኃላፊነቱም ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ የሥራ መደብ ይሰጥ፣ ሰው ቢቀየርም እንዲቀጥል። የስድስተኛውን ወር፣ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ዓመት ቀጠሮ ቀን ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሩ። በነገው ማለዳም፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ የድንገተኛ ክፍሉን ዕለታዊ ቁጥር እንደ ወትሮው ሙሉት።